ከእህል ማኅተም የቀለጠ አረር

ወደ ቀይ አፋፍ እንድንወጣ ትእዛዝ የደረሰን በግንቦት መጨረሻ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። ጠመንጃ ያለው ወንድ ሁሉ ይውጣ ተባለ፤ ስንቅ ያለው ከነስንቁ፣ የሌለው ከነረሃቡ። ትእዛዙን የሰጠው የጎበዝ አለቃችን አያ ካሳው ነበር። በሕይወቱ ሳለ አንቱ ስለው ኖሬያለሁ። አሁን ሞቷል፤ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ አንቱታ አልሰጠውም።

እኔ ወንድ አይደለሁም፣ ጠመንጃም አልነበረኝም። አብሬ የወጣሁት ከመንደራችን አረር ማፍሰስ የሚያውቅ ሌላ ሰው ስላልነበረ ነው። እስኪሞት ድረስ የአካባቢው አረር አፍሳሽ አባቴ ነበር። ወንድሜ ሰይድ ተኳሽ ወጣው፤ እሳቱና ማንኪያው ለእኔ ቀሩ።

ይህን የምጽፈው ለመመስገን አይደለም። በቅርቡ ከቆቦ ገበያ በባጃጅ ስመለስ ሁለት ወጣቶች ስለዚያ ውጊያ ሲያወሩ ሰማሁ። ሴት የነካችው አረር ጠመንጃ ቀደደ፣ ዘሃራ ወንድሟን በላችው እያሉ ይሳሳቃሉ። ዘሃራ አጠገባቸው ተቀምጣ እንደነበር አላወቁም። ሂሳቤን ከፍዬ ወረድኩ። ወሬውን የፈጠሩት እነሱ አይደሉም። የፈጠረውን ሰው አውቀዋለሁ፤ እያወቀ ዝም ያለውንም አውቀዋለሁ።

ዘመኑን ላላያችሁት ልንገራችሁ። የስድሳ አምስቱ ረሃብ ነው። ክረምቱም በልጉም ከድተውን ማሽላው ከጉልበት ሳያልፍ ደረቀ። ከጎሊና ወንዝ እስከ ዞብል ተራራ ግርጌ ሜዳው አቧራ ሆነ። ሰው ወደ አውራ ጎዳናው እየወጣ ከመንገዱ ዳር ይቀመጥ ነበር። አንዳንዱ እንደተቀመጠ ቀረ። በዚህ መሀል ከብት የሚነዱ ሽፍቶች ተነሡ። ስለ ዘራቸው ብዙ ተብሏል። እኔ ሬሳቸውን አይቻለሁ፤ ከየአቅጣጫው የተሰበሰቡ ነበሩ፤ የጎረቤታችን የጎብዬ ልጅም ነበረባቸው።

ለእኛ የቀረው በሬ ሁሉ ከቀይ አፋፍ ሥር ባለው ኤላ ተሰብስቦ ነበር። በአካባቢው ሳይደርቅ የቀረ የውሃ ጉድጓድ እሱ ብቻ ነው። እነዚያ በሬዎች ከተነዱ ዝናብ ቢመጣ እንኳ የሚያርስልን አልነበረም። አፋፉን ይዘን ኤላውን እንድንጠብቅ ታዘዝን።

ደህና ጠመንጃ የነበረው ሰው ለእህል ሸጦታል። የቀረው ማንም የማይገዛው ነበር። ከያዝናቸው ውስጥ አራቱ በአፋቸው የሚጎርሱ ያያቶቻችን ጠመንጃዎች ናቸው። ባሩዱ በአፈሙዙ ይጨመራል፤ አረሩ ቅባት በነካው ጨርቅ ተጠቅልሎ ይከተላል፤ ከዚያ በዘንግ እስከ ታች ይገፋል። አንዱን ሰይድ ይዞታል። አያ ካሳው ምንሽር ነበረው፤ ግን ጥይት ስላጣለት እሱም የአባቱን አሮጌ ጠመንጃ ይዞ ወጣ።

አባቴ ከሁሉ በፊት ያስተማረኝ እርሳስ መምረጥን ነው። እንዲህ ላለ ጠመንጃ የሚሆነው ለስላሳው ብቻ ነው። በጥፍር ሲጭሩት መስመር ያወጣል፤ መስመሩ እንደ ብር አብርቶ ቆይቶ ይደበዝዛል። ድንጋይ ላይ ሲጥሉት ዱብ ብሎ ይቀራል። ጠንካራው እርሳስ ሌላ ነገር የተቀላቀለበት ነው፤ ጥፍር አይቀበልም፣ ሲወድቅ ይጮኻል። ክፋቱ ግን ከዚህ ይበልጣል። ለስላሳው ማፍሰሻው ውስጥ፣ አረሩ ቅርጽ በሚይዝበት ብረት፣ ሲበርድ ይኮማተራል፤ ጠንካራው ያን ያህል አይኮማተርም። ስለዚህ በዚያው ማፍሰሻ ሲወጣ በፀጉር ያህል ይወፍራል። ዓይን አይለየውም፣ ጠመንጃው ግን ይለየዋል። አረሩ መንገድ ላይ ተጣብቆ ወደ ባሩዱ አይደርስም። ከባሩዱ ርቆ እንደቆመ ከተተኮሰ ብረቱ ይቀደዳል። አባቴ ይህን ሲነግረኝ ድምፁን ዝቅ ያደርግ ነበር።

በደህናው ጊዜ ጣሊያን ጥሎት የሄደው የስልክ ገመድ ልባሱ ጥሩ እርሳስ ይሰጠን ነበር። ጎረምሶች ዒላማ የሚመቱበትን ገደል እየቆፈርንም የተተኮሰውን እናወጣ ነበር። በዚያ ዓመት ገመዱም አልቋል፣ ዒላማ የሚመታም የለም። የመኪና ባትሪ በቆቦ ጋራዥ ሞልቷል። የባትሪ እርሳስ ግን ጠንካራው ነው፤ ጢሱም ሳንባ ይበላል። አባቴ ለአረር እንዳልነካው ከልክሎኛል፤ ነክቼውም አላውቅም።

እኔ ያገኘሁት ሌላ ነው። ቆቦ ላይ የአንድ ነጋዴ የእህል መጋዘን ነበር። ነጋዴው የአያ ካሳው አማች ነው። ከደቡብ የሚመጡት የጭነት መኪናዎች ሸራቸው በገመድ ይታሰራል፤ ገመዱ በሽቦና በእርሳስ ማኅተም ይታሸጋል። መኪናው ሲደርስ የመጋዘኑ ሠራተኞች ማኅተሙን በጉጠት ቆርጠው መሬት ይጥሉታል። ሌሎቹ ሴቶች ከመኪናው ሥር ከአቧራ ጋር የተቀላቀለ ማሽላ ሲለቅሙ እኔ ማኅተም እለቅም ነበር። አንዷ አዘነችልኝ፤ «እናቴ፣ እርሳስ ይበላል ብሎ ማን ነገረሽ?» አለችኝ። ማኅተሙ በጥርስ ሲነክሱት እንኳ ምልክት የሚይዝ ለስላሳ ነበር። ለአንድ አረር ሦስት አራት ይበቃል። ከበልግ ጀምሬ ስለቅም አንድ የቆዳ ከረጢት ሞላሁ።

ቀይ አፋፍ በወጣን ማግስት፣ ረፋዱ ላይ የግራር ከሰል አቀጣጥዬ የብረት ማንኪያውን ጣድኩ። ማኅተሙ ሲቀልጥ ሽቦው ይንሳፈፋል፤ እሱን በእንጨት እየጠረግሁ አወጣለሁ። እርሳስ እንዲጠራ ሞራ ጠብ ይደረግበታል። ሞራ ያለው ሰው ቢኖር ይበላዋል እንጂ ለእርሳስ አይሰጥም፤ በሰም ቁራጭ ተካሁት። አረሩን የሚጠቀልለውን ጨርቅ ከነጠላዬ ጫፍ ቀደድኩ።

ወንዶቹ ከብበውኝ ያያሉ። አራጌ የሚባል ቀልደኛ ነበር፤ ሥጋው ቢያልቅም ቀልዱ አላለቀም። «ጠመንጃዎቹ ሊጎርሱ ነው፤ የእኛ ተራ መቼ ነው ዘሃራ?» አለኝ። ሁሉም ሳቁ። በዕድሜ ትልቃችን ሙሄ ብቻ አልሳቀም። ከረጢቱን በእጁ አንሥቶ መዘነው፤ አንድ ማኅተም አውጥቶ አገላበጠው። ከየት እንዳመጣሁት ጠየቀኝ፤ ነገርኩት።

«ይኼ ሁሉ የእህል መኪና ነው?»

በአንድ መኪና ሁለትም ሦስትም ማኅተም ይኖራል አልኩት።

«እህሉ ሲገባ አይተሻል። ሲወጣስ አየሽ?»

አላየሁም አልኩ። ያላየሁትን አልጨምርም፤ ያኔም አልጨመርኩም።

አንዱ አጉረመረመ፤ ሌላው ድምፁን ከፍ አደረገ። በሬ የምንጠብቀው ማን በሕይወት ቆይቶ ሊያርስበት ነው፣ ከነጠመንጃችን ቆቦ እንውረድና መጋዘኑን እናስከፍት ተባለ። ሙሄ ግማሻችን ኤላውን እንጠብቅ፣ ግማሻችን እንውረድ አለ። ይህ ንግግር አያ ካሳው ጆሮ ደረሰ። ሲመጣ አልተቆጣም። ከረጢቱን ከሙሄ እጅ ወሰደና ለእኔ ለብቻዬ በሚመስል ድምፅ፣ ሁሉም እየሰማ፣ «ይኼን ይዛችሁ ብትገኙ መጋዘን ሰበሩ ትባላላችሁ። ለአረር የሚሆነውን እኔ አመጣለሁ» አለ። ማፍሰሻዬንም ወሰደ። እስከዚያ ድረስ ያፈሰስኩትን አረር አከፋፍለዋለሁ ብሎ ወደ ራሱ ኮረጆ ገለበጠው። ኮረጆውን የሚሸከምለት የእህቱ ልጅ ይማም ነበር፤ የእኔና የሰይድ እኩያ ነው። ሁለቱ ወደ ቆቦ ወረዱ። ማኅተሞቹን ከዚያ በኋላ ያየ ሰው የለም።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ተመለሱ። በአንድ ጣሳ የተሞላ፣ ጋራዥ ውስጥ በእኔው ማፍሰሻ የፈሰሰ አረር ይዘዋል። አንዱን አንሥቼ በጥፍሬ ጫርኩት፤ ጥፍሬ ተንሸራተተ። ድንጋይ ላይ ጣልኩት፤ ጮኸ። ተነሥቼ በሰው ሁሉ ፊት ተናገርኩ።

«አያ ካሳው፣ ይኼ የባትሪ እርሳስ ነው። ብረቱ ውስጥ ተጣብቆ ይቀራል፤ ሰው ይገድላል።»

«አረር ሰው ሊገድል አይደል እንዴ የሚሠራው?» አለ። ተሳቀ። አራጌም ሳቀ። ከዚህ ሁሉ ዘመን በኋላ ያ ሳቅ ሲመጣብኝ ሰውነቴ ይግላል።

ሰይድን ወደ ጎን ወስጄ ይህን አረር እንዳይጎርስ ለመንኩት። የጎበዝ አለቃው የሰጠውን ባይቀበል ፈራ እንደሚባል ያውቅ ነበር፤ እኔም አውቅ ነበር። «በሰው ፊት አታዋርጂኝ» አለኝ። ከዚያ በኋላ የቀረኝ አንድ ነገር ነው። ሸካራ ድንጋይ መርጬ አረሮቹን አንድ በአንድ እያሸሁ ማቅጠን ጀመርኩ። እንዲህ ሲታሽ ጥቂት ይከሳል፣ እየታገለም ቢሆን ይወርዳል። ጀምበሯ ጠልቃ ዓይኔ እስኪሳነው አሸሁ። ጣቶቼ ደሙ። የቀጠኑትን ለሰይድ፣ ለሙሄና ለአራጌ አካፈልኩ። ጥቂት ነበሩ። አያ ካሳው የእሱን እንዳሽለት አልጠየቀኝም። ለምን እንዳልጠየቀኝ ያኔ አልገባኝም።

ሽፍቶቹ ሊነጋጋ ሲል መጡ። ከምሥራቅ በኩል፣ በደረቁ ሸለቆ። በቁጥር በለጡን። ጥይትም ነበራቸው። እስኪቀርቡ ጠበቅን። ተኮስን። የባሩዱ ጭስ አፋፉን ሸፈነው። ሲገለጥ ከፊት የነበሩት ወድቀዋል፣ ሌሎቹ ከድንጋይ ኋላ ተኝተዋል። እኔ ከድንጋይ ካብ ኋላ ባሩድ እየሰፈርኩ አቀብል ነበር።

ፀሐይ ብቅ ስትል ሙሄ ተመታ። ደረቱን ነው። ወዲያው አለፈ። ጠመንጃውን ከሥሩ ስቤ አወጣሁ።

ከዚያ የታሸው አረር አለቀ። ከጣሳው መጉረስ ጀመሩ። አራጌ የጎረሰው መሀል ላይ ተጣበቀ። ከፍ እያለ ዘንጉን በሁለት እጁ ይገፋል። ተኛ ብለን ጮኽንለት። ተኝቶ መግፋት አይቻልም፤ ብድግ አለ። ጥይቱ አንገቱን አገኘው።

ሰይድ ከእኔ አጠገብ ነበር። የእሱም አረር ግማሽ ሲወርድ ቆመ። በዘንጉ መታው፤ አልሄደም። ሽፍቶቹ ወደ ኤላው እየሮጡ ነው፤ በሬዎቹ ደንብረዋል። አያ ካሳው ከኋላችን «ተኩስ ሰይድ፣ ምን ትጠብቃለህ?» ሲል ሰማሁ። አትተኩስ ብዬ ክንዱን ያዝኩ። አስለቀቀኝ። ተኮሰ።

ብረቱ ከመሀሉ ተቀደደ።

ከዚያ በኋላ ስላለው ውጊያ ብዙ አላውቅም፤ ወንድሜን ታቅፌ ነበር። አንድ ነገር ግን ሰምቻለሁ። የአያ ካሳው ጠመንጃ አንድ ጊዜም አልተጣበቀም። ይጎርሳል፣ ይተኩሳል፣ ይጎርሳል፣ ይተኩሳል። ሽፍቶቹ ረፋዱ ላይ ጥለውን ሄዱ። ሰይድ እኩለ ቀን ሳይሆን ሞተ።

የወንድሜን ፊት ሸፍኜ ቀና ስል የአያ ካሳው ኮረጆ ክፍቱን ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ይማም ሬሳ ሊያነሣ ጥሎት ሄዷል። ውስጡ የቀረውን አረር አየሁ። የእናት ዓይን ልጇን እንደሚለይ እጄ የሠራውን ለየሁ። አንዱን አውጥቼ ጥፍሬን አሳረፍኩበት፤ እንደ ሰም ተቀበለኝ። እኔ ከማኅተም ያፈሰስኩት ነበር። አላከፋፈለውም። ለራሱ አስቀርቶት ጠንካራውን ለእኛ ሰጠን። ይማም ሮጦ መጣና አረሩን ከእጄ ነጥቆ ኮረጆውን ዘጋው። ዓይን ለዓይን ተያየን። ያየሁትን አይቷል።

ከቀብር በኋላ ሽማግሌዎች ኤላው አጠገብ ተሰበሰቡ። ጠመንጃ እንዴት ይቀደዳል የሚል ጥያቄ ተነሥቶ ነበር። አያ ካሳው አንገቱን ደፍቶ ተነሣ። ጥፋቱ የእኔ ነው አለ። በአገራችን ሴት ጦር መሣሪያ እንዳትነካ የተከለከለው በከንቱ እንዳልሆነ እያወቅሁ፣ ችግር አስገድዶኝ ይህችን ልጅ አረር አስነካሁ፤ ማታውንም አረሩን ይዛ ስታሻሸው አምሽታለች፣ ምን እንዳደረገችበት አላህ ይወቀው አለ። ጥፋተኛ መስሎ እንዲህ ጥፋቱን እኔ ላይ ጫነው። ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ።

የባትሪ እርሳስ ነው አልኩ። ስለ ማፍሰሻው፣ ስለ መወፈሩ፣ ስለ ኮረጆው ነገርኳቸው። ለምን እንዳሸሁትም ነገርኳቸው። ይማም ይጠየቅ አልኩ። ተጠየቀ። ያየኸውን ተናገር ተባለ።

«ስታሻቸው አይቻለሁ» አለ። ሌላ ቃል አልጨመረም። ውሸት አልተናገረም። ለዚህ ነው ከአጎቱ ይልቅ እሱን ለመርሳት የሚከብደኝ።

አባቴ የተወልኝን ማፍሰሻ ጎሊና ውስጥ ጣሉት። ከሰይድ ቤት ለቅሶ እንዳልቀመጥ ተነገረኝ። ሚስቱ መዲና እኔን ስታይ ሕፃኗን በነጠላዋ ሸፈነች። እስክትሞት ድረስ ሰላምታዬን አልመለሰችም። የወንድሜ ልጅ አድጎ ትልቅ ሰው ሆኗል፤ መንገድ ላይ ሲያየኝ ይሻገራል። ስለ መጋዘኑም ከዚያ ወዲህ ማንም አላነሣም። መጠየቅ የጀመረው ሙሄ ነበር፣ እሱ ደግሞ ተቀብሯል። ሌላው የእኔን እጅ ሲመረምር መጋዘኑን ረሳው።

ብዙ ዓመት አለፈ። መንግሥት ተለወጠ፣ ደግሞ ተለወጠ። አያ ካሳው በክብር ተቀበረ። አንድ ቀን ይማም ከሮቢት ድረስ ቤቴ መጣ። ሽበት ወርሶታል። ለሐጅ ሊሄድ ነው፤ ሰው ሐጅ ከመሄዱ በፊት የበደለውን ሰው አውፍታ፣ ማለት ይቅርታ፣ ይጠይቃል። በር ላይ ቆሞ ተቀመጥ እስክለው ጠበቀ። አላስቀመጥኩትም።

«ዘሃራ፣ አረሩ ያንቺ እንደነበር አውቅ ነበር። አውፍ በይኝ» አለ።

ለምን አልተናገርክም ብዬ ጠየቅሁት። ሲያሳድገኝ የኖረ አጎቴ ነው፣ ወጣት ነበርኩ፣ ፈራሁ አለ። አሁን አጎትህ ሞቷል፣ አንተም ወጣት አይደለህም አልኩት። ጁምዓ ከሰላት በኋላ መስጊዱ በር ላይ ቆመህ፣ ለእኔ የነገርከኝን ለሕዝቡ ንገር፤ ያን ቀን አውፍ እልሃለሁ አልኩት።

«የሞተ ሰው ስም ላጥፋ?» አለኝ።

«የእኔስ ስም?» አልኩት።

እጁን ዘረጋልኝ፤ አልጨበጥኩትም። ያን ጁምዓ ጠበቅሁ። የሚቀጥለውንም ጠበቅሁ። ሳይናገር ሄደ፤ ሐጅ ይማም ተብሎ ተመለሰ፤ ሳይናገር ሞተ። ቀብሩ ላይ ሰው ሁሉ ለሟች አውፍ በሉ ሲባል አውፍ ብለናል አለ። እኔ ዝም አልኩ። ዛሬም አላልኩም። ይህ በአላህ ፊት የሚያስጠይቀኝ ከሆነ እጠየቅበታለሁ።

በቀይ አፋፍ ከእኛ ወገን ሦስት ሰው ሞተ። ሙሄ፣ አራጌ፣ ሰይድ። ከሦስቱ ሽፍቶቹ ብቻቸውን የገደሉት ሙሄን ነው። ከሽፍቶቹ አምስት ቀበርን፤ ስማቸውን አናውቅም። በአውራ ጎዳናው ዳር ተቀምጠው የቀሩትን ማንም አልቆጠራቸውም። በሬዎቹ ግን ተረፉ። በክረምቱ ዘነበ። በሬ ኖሮት ጠማጅ ያጣ ቤት በመንደራችን ብዙ ነበር።

በአፋፉ የተዋጉት ሰዎች ስም ሲነሣ የእኔ አይነሣም። አንሡልኝ አልልም። ስለ ሰይድ ስታወሩ ግን የገደለውን በስሙ ጥሩት። የባትሪ እርሳስ ነው። ያመጣው ካሳው ነው።